የሎውሪ ሐይቅ ደለል

ሬሳው በግንባሩ ተደፍቶ፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ግማሹ አሸዋ ላይ ነበር። ያገኘው አርብ ጠዋት ውሻውን ሊያናፍስ የወጣ ሰው ነው። መጀመሪያ የተጣለ ጃኬት መሰለው፤ ውሻው አልሄድም ብሎ ሲያላዝን ቀረብ አለና የሰው ማጅራት አየ። እሱ ፖሊስ ጠራ፣ ፖሊስ ደግሞ የካውንቲውን የሞት መርማሪ ጠራ።

የሞት መርማሪዋ ሶስና ትባላለች። ከስማይርና እስከ ስኔልቪል ድረስ በዚያ ትራፊክ እየተራገመች ነድታ መጣች። ስንት ዘመን ከሬሳ ጋር ስትውል ዓይኗ ለምዷል፣ እጇም ለምዷል፤ አፍንጫዋ ግን እስከ ዛሬ አሻፈረኝ እንዳለ ነው። ባልደረቦቿ በዚህ ሲስቁባት «እናንተ በዓይናችሁ ትሠራላችሁ፣ እኔ በአፍንጫዬ» ትላቸዋለች።

«ከአገርሽ ሰዎች አንዱ ነው» አላት ብራድሊ፣ የፖሊሱ መርማሪ፣ መታወቂያውን እያሳያት። «ሕዝቅያስ ይባላል። ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ ነው። አዳልጦት ወድቆ ሰምጧል፤ ወይም ደግሞ ራሱን ጥሏል። በእኔ በኩል ነገሩ ያለቀ ነው።»

«ቆይ እንጂ፤ ገና ፊቱን እንኳ አላየሁትም።»

ገለበጡት። ያን ጊዜ ነው ሽታው የመጣው። የሬሳ ሽታ ቢሆን ኖሮ ታውቀዋለች። ይሄ የገማ እንቁላልና የተቃጠለ ጎማ ነው፣ በዚያ ላይ ሰንብቶ የከረፋ የዓሣ አንጀት። የሟቹ አፍ እስከ ጥርሱ ድረስ ጥቁር፣ ቅባት ቅባት የሚል ደለል ጠጥቷል፤ አፍንጫው ውስጥም፣ ጥፍሮቹ ሥርም፣ ሪዙ ላይም ያው ነው። ሶስና ዘወር ብላ ንጹሕ አየር ሳበች። ከዚያ ተመልሳ ተንበረከከችና ደለሉን በጥጥ ጠርጋ ያዘች። በሌላው እጇ እግሯ ሥር ያለውን አሸዋ ዘገነች። ቀይ፣ ንጹሕ፣ የእርጥብ ሣር ሽታ ብቻ ያለው አሸዋ ነው።

«አሽትት» አለችው ብራድሊን፣ ሁለቱንም ወደ አፍንጫው እያስጠጋች።

«እግዚኦ! አንሺልኝ!»

«እዚህ ያለው ቀይ ነው፣ አፉ ውስጥ ያለው ጥቁር። ሰው ባልሄደበት ቦታ ጭቃ አይውጥም። ይህ ሰው የሞተው ሌላ ቦታ ነው፤ አምጥተው ነው እዚህ የጣሉት።»

ሸሚዙን ገልጣ ጀርባውን ስታይ ደግሞ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል ጠፍጣፋ የበለዘ ምልክት አገኘች። በሰፊ እንጨት የተረገጠ ይመስላል። ብራድሊ ከዚያ በኋላ ስለ ማዳለጥ አላወራም።

ሎውሪ ሐይቅ ሐይቅ ይባል እንጂ በግድብ የታቆረ ውሃ ነው። በግድቡ በኩል ሣራቸው የተከረከመ ቆንጆ ቆንጆ ቤቶች አሉ። በወዲያኛው ጫፍ ውሃው ወደ መሬት ገባ ይልና ጠባብ ሰርጥ ይሠራል፤ ሰርጡ ዳር ያበሾች የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ደግሞ ከተዘጋ የቆየ የባትሪ ፋብሪካ። ፋብሪካው ሲዘጋ መርዙን ይዞ አልሄደም። ያ ሁሉ እርሳስና አሲድ፣ ስሙን እንኳ መጥራት የሚያስጠላው ሁሉ፣ ውሃው ሥር ተኝቶ ቀርቷል። አሁን የካውንቲው አስተዳደር ደለሉን ጠርጎ ሊያወጣ ነው፤ ነዋሪውም ያግዝ፣ አካባቢውን የሚያውቀው እሱ ነው ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴዎቹ በጀልባ እየዞሩ ናሙናውን በገዛ እጃቸው ያወጣሉ፣ የቱ ቦታ እንደሚጠረግም አብረው ይወስናሉ። አባላቱ ሦስት ነበሩ፦ ሟቹ ሕዝቅያስ፣ ቤት አሻሻጯ ፍቅርተ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ካሳሁን። ከጠረጋው ድርጅት ደግሞ ኤርሚያስ የሚባል ወጣት ቴክኒሻን ተመድቦላቸዋል። ጀልባዋ የምትታሰርበት ሰንሰለት ቁልፍ ያለው በእነዚህ በአራቱ እጅ ብቻ ነው።

ሶስና በዚያው ቀን ለቅሶ ቤቱ ስትደርስ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። የሟቹ ሚስት የሺእመቤት ነርስ ናት፤ እህቷ ወርቅውሃ ደግፋት ተቀምጣለች። ወንበር የሚያስገቡት፣ ውሃ የሚያድሉት፣ ሰው የሚያስተናግዱት ጋሽ ካሳሁን ናቸው። ሽበታም፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል።

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ የምትመረምሪው?» አሏት በሩ ላይ። «እባክሽ ቀስ ብለሽ ጠይቂያት። ይህች ልጅ ለልጇ ጥምቀት ጾም ጸሎት ይዛ ነው የከረመችው፤ አቅም የላትም።»

«የማን ጥምቀት ነው?»

«የማራኪ። የልጃቸው። እሑድ እዚሁ ሰርጡ ላይ ልጆች እናጠምቃለን። ፓስተራችን መንገድ ላይ ስለሆኑ የማስተባብረው እኔ ነኝ። አባቷም ደስ ይለዋል፤ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው።»

የሺእመቤት ሶስናን እጇን ይዛ ለቀቀቻት፣ መልሳ ያዘቻት።

«ራሱን ገደለ ይላሉ አሉ» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ጆሮ አለኝ፣ እሰማለሁ። እህቴ ሙች፣ ሕዝቅያስ ልጁን ሳያስጠምቅ አይሞትም። እሱ ስለ ሐይቁ ነበር የተናደደው። ሐሙስ ዕለት የላቦራቶሪው ውጤት መጣና ‹ሰርጡ ንጹሕ ነው ብለው ጻፉ፣ ሳይጠርጉ ሊዘሉት ነው፣ እኔ በእጄ ያወጣሁትን!› ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ።»

«የት እንደሚሄድ አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም። ደግነቱ ወርቅውሃ ያን ምሽት መጥታ አብራኝ አደረች። ጾሜን አስፈትታ እራት አበላችኝ፣ አስተኛችኝ። እሷ ባትኖር ጠዋት ያን ስሰማ አብጄ ነበር።»

ሶስና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እህት ለእህት መድረሷ ምኑ ይገርማል? ያን ጊዜ ምንም አልመሰላትም።

ወዲያው ከወጥ ቤቱ ጩኸት ተሰማ። አንዲት ሴት ለምግቡ ቦታ ልታመቻች ፍሪጁን ከፍታ፣ ድልህ የመሰላትን ብልቃጥ ብትከፍት ቤቱ በአንድ ጊዜ ገማ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ በሩ ተጋፋ። ሶስና ብቻዋን ወደ ሽታው ሄደች፤ ጠዋት ያሸተተችው ራሱ ነው።

«የአባዬ ነው» አለቻት ማራኪ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ሳምፕል ሲያወጣ ትንሽ ለእኔ ብሎ አመጣ። ‹ከሰርጡ የወጣውን እይ፣ ዓሣ ለማጥመድ እንዳትሄጂ› አለኝ። ቀዝቃዛ ቦታ ነው ኪፕ የሚደረገው ብሎ ቅቤው አጠገብ አስቀመጠው። በጣም ግሮስ ነው፣ ያስጠላል ብዬው ነበር።»

ሶስና ብልቃጡን ግጥም አድርጋ ዘጋችና በፌስታል ጠቅልላ ወሰደችው።

የፍቅርተ ቤት ግድቡ አጠገብ ነው፤ ከበረንዳዋ ላይ ሆኖ ሬሳው የተገኘበት አሸዋ ይታያል። ፍቅርተ ጠይም፣ ቁጡ፣ ሳትጠየቅ የምትመልስ ሴት ናት።

«አውቃለሁ ለምን እንደመጣሽ። ስብሰባ ላይ ጮሄበታለሁ፤ አዎ ጮሄበታለሁ! ቤቴን ለሽያጭ ሊስት ባደረግሁ ማግስት ተነስቶ ‹ሐይቁ መርዝ ነው› ይላል። ማን ይገዛኛል? አሁን ደግሞ ይኸው፣ ሬሳ ደጃፌ ላይ! ኦፕን ሐውስ ነበረኝ እኮ ዛሬ፣ ገዢ ቤቱን መጥቶ ሊያይ። ሰዎቹ የፖሊሱን ቢጫ ቴፕ አይተው ዩ ተርን አድርገው ሄዱ።»

«ናሙናዎቹ ወደ ላቦራቶሪ ከመላካቸው በፊት የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት፣ ፍሪጁ ውስጥ። ሁላችንም እንገባለን፣ እንወጣለን። እኔ ግን ያን የገማ ጭቃ በአሥር ጣቴ አልነካውም።»

«የሰርጡን ማን ነበር ያወጣው?»

«ሕዝቅያስ። ጋሽ ካሳሁን ቀዘፉለት። እሳቸው ጀልባ ላይ ጎበዝ ናቸው፣ ውሃ ግን አይነኩም» አለችና ንዴቷን ረስታ ሳቅ አለች። «ልጆቹ ሁሉ ያሾፉባቸዋል። ስንት ሰው ሲጠመቅ እሳቸው አንድ ቀን እግራቸውን አርጥበው አያውቁም፤ ሁሌ ውሃው ላይ በተዘረጋው መረማመጃ እንጨት ላይ ሆነው ነው የሚጸልዩት። ቁርጥማት አለብኝ ይላሉ።»

«ፋብሪካውስ? በደህና ጊዜው ታውቂዋለሽ?»

«የማላውቀው! ከስደተኛ ካምፕ ስንመጣ እዚያ ሥራ ያስገቡን ማን ሆነና? ጋሽ ካሳሁን። እሳቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ።»

ሶስና ሌላ አልጠየቀችም። አመስግና ወጣች።

ኤርሚያስን ቅዳሜ ጠዋት ሰርጡ ዳር አገኘችው። የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ ከሰው መሞት ጋር ተደርቦ ጨርሶ ግራ ገብቶታል።

«ሕዝቅያስ ሐሙስ ኮል አድርጎልኝ ነበር» አላት። «‹ላቦራቶሪህ ውሸታም ነው› አለኝ። ተጨቃጨቅን፣ ዩ ኖው፣ እኔ ዳታውን ነው የማየው። ዳታው ሰርጡን ክሊን ነው ይላል። ንጹሕ አሸዋ።»

«አንተ ራስህ አይተኸዋል?»

«ኖ፤ ሳምፕሉን ነዋሪው ነው የሚያወጣው። ፕሮግራሙ እንደዛ ነው፣ እንዲያምኑን።»

«ና እንግዲህ፣ እንይ።»

በጀልባዋ ወደ ሰርጡ መሃል ገቡ። ላዩ የሚያምር ውሃ ነው፤ ሰማይ ይታይበታል፣ የዛፍ ቅጠል ይንሳፈፍበታል። ኤርሚያስ መቅዘፊያውን ወደ ታች ሰደደው፤ መቅዘፊያው መሬት አላገኘም፣ ስምጥ ብሎ ገባ። ሲያወጣው ጥቁር ቅባታም ደለል እየተዝለገለገ ተከተለው፤ ከሥር አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣና ፈነዳ። ሽታው እንደ ጥፊ ነው የመታቸው። ልጁ በጀልባዋ ጎን ተደፍቶ ያለ የሌለውን አስመለሰ። ሶስና በነጠላዋ አፍንጫዋን አፍና፣ ዓይኗ እያለቀሰ፣ መቅዘፊያውን ተቀበለችው። ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። በሟቹ ጀርባ ላይ ያየችው የበለዘ ምልክት ትዝ አላት።

«ይሄ አሸዋ ነው?» አለችው።

«ኦ ማይ ጋድ» አለ ኤርሚያስ አፉን እየጠረገ። «እዚህ ውስጥ ነው ነገ ልጆቹን የሚነክሯቸው? ከሐይቁ ሁሉ የባሰው እኮ ይሄ ነው! ይሄ ዳታ ውስጥ ከገባ ጠረጋው እጥፍ ይሆናል። ለኛ ኩባንያ በጣም ትልቅ ሥራ ነው።»

«ልክ ነህ» አለች ሶስና። «ለእናንተስ ሰርጡ ቢቆሽሽ ነው የሚሻላችሁ።»

ጋሽ ካሳሁንን ያገኘቻቸው በቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ነው። ለነገው የሚጠመቁትን ልጆች ነጫጭ ቀሚስ እየተኮሱ ነበር። ወንበር ስበው አስቀመጧትና ሻይ ቀዱላት።

«ሐሙስ ምሽት የት ነበሩ፣ ጋሽ ካሳሁን?»

«እዚሁ። ብቻዬን ስጸልይ ነበር።»

«ሕዝቅያስን አላዩትም?»

«አላየሁትም። ባየው ኖሮ…» ካውያውን አስቀመጡ።

«መሞቱን መቼ ሰሙ?»

«አርብ ጠዋት ነዋ። ፖሊሶቹ ሲመጡ ፍቅርተ ከበረንዳዋ ሆና ደወለችልኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። ሕዝቅያስ እኮ ልጄ ነበር፤ የዳርኩት እኔ ነኝ።»

«ነገ ጥምቀቱን ቢያስቀሩትስ? ውሃው ጥሩ አይደለም።»

«ላቦራቶሪው እኮ ንጹሕ ነው ብሏል፣ እህቴ። ከቀረ ሰው ምን ይላል? የማያወራ አፍ የለም፤ ‹ውሃው ቢበላሽ ነው› ይባላል። ስንት ሰው እዚያ ተጠምቋል። እምነታቸውን ለምን እናውክባቸዋለን?»

እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ሶስና እንባው እውነተኛ መሆኑን አወቀች፤ በሥራዋ ብዙ የውሸት እንባ አይታለች፣ ይሄ የውሸት አይደለም። ሻዩን ግን አልጠጣችውም።

ከዚያ ወጥታ ወደ ለቅሶ ቤቱ ተመለሰች። ምን እንደሚጎድላት ታውቃለች፤ ጥርጣሬ አላት፣ ማስረጃ የላትም። ወርቅውሃ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ በመቀነቷ ውስጥ ሁለት ስልክ ሸጉጣለች።

«የማን ነው ሁለተኛው?»

«የእህቴ። ደብቄባታለሁ፤ ሰው ፌስቡክ ላይ ፎቶውን እየለጠፈ ነፍስ ይማር ይላል፣ እንዳታይ ብዬ።»

«ደግ አደረግሽ። መቼ ወሰድሽባት?»

«ሐሙስ ማታ፣ እራቷን ከበላች በኋላ።»

ሶስና እርምጃዋን ገታች። «ሐሙስ? ሬሳው የተገኘው አርብ ጠዋት ነው እኮ፣ ወርቅውሃ።»

ወርቅውሃ የእህቷን ስልክ ከመቀነቷ አውጥታ አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?» አለቻት ሶስና፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ።

ወርቅውሃ በጆሮዋ ነገረቻት። ሶስና ብዙ የሚያስጠላ ነገር አሽትታለች፤ እንደዚህ ያለ ግን አልገጠማትም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሰርጡ ወረደ። የሚጠመቁት ልጆች ነጭ ለብሰው ተሰልፈዋል፤ ማራኪ ከፊት ናት፣ እናቷ ጥቁር ለብሳ ከኋላዋ ቆማለች። ሁለት ጎረምሳ አገልጋዮች ወደ ውሃው ሊገቡ ሱሪያቸውን እየሰበሰቡ ነው። ጋሽ ካሳሁን መረማመጃው እንጨት ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል። ፍቅርተና ኤርሚያስም ሶስና ጠርታቸው መጥተዋል፤ ብራድሊ ከዛፎቹ ሥር ቆሟል።

«አንድ ጊዜ!» አለች ሶስና፣ እንጨቱ ላይ እየወጣች። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከጸሎቱ በፊት ትንሽ የምናገረው አለኝ። ልጆች፣ ከውሃው ራቅ በሉ።»

«እህቴ፣ ይሄ የአምልኮ ሰዓት ነው» አሉ ጋሽ ካሳሁን።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የቸኮልኩት።»

ከቦርሳዋ ብልቃጡን አወጣችና ከፈተችው። የፊተኞቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ «ኧረ በኢየሱስ ስም!» ያለም ነበር።

«ይሄ ሕዝቅያስ ከዚህ ሰርጥ በእጁ ያወጣው ነው፤ ፍሪጁ ውስጥ ተገኘ። አፉ ውስጥ ያገኘሁትም ይሄው ነው። ሬሳው የተገኘው ግን ወዲያ ግድቡ ጋ፣ ንጹሕ አሸዋ ላይ ነው። ስለዚህ ሕዝቅያስ የሞተው እዚህ ነው፤ ከዚያ በጀልባ ጭነው ወሰዱት። እዚህ ቢገኝ ፖሊስ ይህን ጭቃ ያሸትት ነበራ! ጀርባው ላይ ደግሞ የመቅዘፊያ ምልክት አለ። ወድቆ አይደለም። ራሱንም አልገደለም፣ የሺእመቤት፤ ይህን ስሚኝ። ረግጠው ይዘውት ነው።»

የሺእመቤት ልጇን ሳብ አድርጋ አቀፈቻት።

«ላቦራቶሪው ለምን ሰርጡ አሸዋ ነው አለ? ናሙናው ስለተለወጠ ነው። ከፍሪጁ ውስጥ የሰርጡ ብልቃጥ ወጥቶ፣ ከግድቡ የተዘገነ አሸዋ ገባበት። ይህን ማድረግ የሚችሉት፣ የጀልባዋም ቁልፍ ያላቸው፣ ሦስት ሰዎች ናቸው።»

«እኔን ማለትሽ ነው?» አለች ፍቅርተ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«ስምሽ ቀድሞ መጥቶልኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ግን ቤቷን ልትሸጥ የምትባዝን ሴት ሬሳ አምጥታ በገዛ ደጇ አትጥልም። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ሌላ ቦታ ሞልቶላታል።»

«ቴንክ ዩ» አለች ፍቅርተ፣ ለሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ።

«ኤርሚያስስ? ከሟቹ ጋር በስልክ ተጨቃጭቋል። ነገር ግን ለእሱ ኩባንያ ሰርጡ ቢቆሽሽ ሥራ ነው፣ ቢጸዳ ኪሳራ ነው። የቆሸሸውን በንጹሕ የሚለውጥበት ምን ምክንያት አለው?»

ሕዝቡ መተያየት ጀመረ። የቀረውን ስም ሁሉም ያውቀዋል፤ ሊጠራው የፈለገ ግን የለም።

«ጋሽ ካሳሁን» አለች ሶስና፣ ቀስ ብላ፣ «እስቲ ዛሬ እርስዎ ቀድመው ይግቡ።»

«ቁርጥማት አለብኝ…»

«የለብዎትም። ትናንት ቆመው ያን ሁሉ ልብስ ሲተኩሱ አይቻለሁ። እዚህ ውሃ ሥር ምን እንዳለ ስለሚያውቁ ነው እግርዎን የማያረጥቡት። የፋብሪካው ሹፌር እርስዎ ነበሩ። ዝቃጩን በመኪና አምጥተው የገለበጡት እዚህ ሰርጥ ውስጥ ነው፤ አይደለም?»

ጋሽ ካሳሁን የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«ይሄ ግምት ነው» አሉ። «እህቴ፣ በሰው ስም እየተጫወትሽ ነው። የሕዝቅያስን መሞት እኔ የሰማሁት እንደ ሁሉም ሰው አርብ ጠዋት ነው።»

«እሱን እንዲሉልኝ ነበር የፈለግሁት» አለች ሶስና። «ወርቅውሃ፣ ሐሙስ ምሽት ማን ደወለልሽ? ምን አለሽ?»

ወርቅውሃ እንባዋን ጠርጋ ጀመረች።

«ጋሽ ካሳሁን ናቸው። ‹ዛሬ ከእህትሽ ጋር እደሪ፤ ጾሟን አስፈቺያትና እራት ትብላ። ስልኳንም ውሰጂባት፣ ትንሽ ትረፍ› አሉኝ። ለጤናዋ አስበው መስሎኝ…»

ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለገም። እዚያ ከቆመው ሰው መካከል መርዶ ያላረዳ ወይም ያልተረዳ የለም። ሰው ሊረዳ ሲል ከዋዜማው ምን እንደሚደረግለት ሁሉም ያውቃል፦ ብቻውን እንዳያድር የቅርብ ሰው ይላክለታል፣ ሆዱ ባዶ እንዳይሆን ይበላል፣ ክፉውን ከሌላ አፍ እንዳይሰማ ስልኩ ይወሰድበታል። ብራድሊ ይህን በሥራው ዘመን ሁሉ ቢያስብ አይደርስበትም ነበር። አንዲት አሮጊት «አረዳት!» ብለው ጮኹ፤ «ሬሳው ሳይገኝ መርዶ አዘጋጀላት!»

ካሳሁን እንጨቱ ላይ ቁጭ አለ። ከዚህ በኋላ አንቱ ለማለት አፍ የሚታዘዝለት ሰው አልነበረም።

«አላወቅሁም ነበር» አለ። «ስገለብጠው ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ገና የመጣሁ ስደተኛ ነኝ፣ ድፋ አሉኝ፣ ደፋሁ። መርዝ መሆኑን የሰማሁት ቤተ ክርስቲያኑን እዚህ ካስገዛኋችሁ በኋላ ነው። ያኔ ልናገር አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል ጥምቀቱ ተለመደ። ሕዝቅያስ ሐሙስ መጥቶ ‹ብልቃጡን የለወጥከው አንተ ነህ፣ ጀልባው ላይ አብረኸኝ ነበርክ› አለኝ። እሑድ ለሕዝቡ እናገራለሁ አለ። ለመንኩት። እምቢ ብሎ ሲዞር አዳለጠውና ከእንጨቱ ወደቀ፤ ጭቃው ውጦ ያዘው። ላወጣው ነበር መቅዘፊያውን ያነሳሁት። እውነቴን ነው፣ ላወጣው ነበር። ከዚያ…»

«ከዚያ ረገጥከው» አለች ሶስና።

«ከዚያ ጾም መያዟ ትዝ አለኝ» አለ ካሳሁን፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ። «በባዶ ሆዷ እንዳትሰማው ብዬ…»

የሺእመቤት ልጇን ለወርቅውሃ ሰጥታ ወደ ፊት መጣች። ሰው ሁሉ ትመታዋለች ብሎ ጠበቀ። ዕድሜ ልኳን «ጋሽዬ» ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«ልጄንስ?» አለችው። «ባሌን የደፈቅህበት ጭቃ ውስጥ ዛሬ ልጄን ልትነክራት አልነበር? ቀሚሷን የተኮስከው አንተ አይደለህ? ለእኔ ሆድ ያዘንክ ሰው፣ ለእሷ አላዘንክም?»

መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ ዳሩ ሄዳ ጎንበስ አለችና አስመለሰች። ወርቅውሃ ግንባሯን ልትይዝላት ስትሮጥ በእጇ ከለከለቻት።

«ተዪኝ» አለች። «የእሱ እራት ነው። ይውጣልኝ።»

ብራድሊ ካሳሁንን ይዞ ሲሄድ ማንም አልተከተለም። ማራኪ ነጩን ቀሚስ አወለቀችና እንጨቱ ላይ ጥላው ሄደች።

ጠረጋው የተጀመረው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። በዚያ ጠዋት ኮሚቴው ሰርጡ ዳር ተሰበሰበ፤ ፍቅርተ ቤቷን ከሽያጭ አውጥታ፣ ኤርሚያስ አዲስ ካርታ ይዞ፣ በሕዝቅያስ ቦታ ደግሞ የሺእመቤት። ሶስናም ሥራዋ ሳይሆን መጣች። ኤርሚያስ ካርታውን ዘርግቶ ከግድቡ በኩል ቢጀመር ለማሽኑ እንደሚቀል ማስረዳት ጀመረ።

«አይሆንም» አለች የሺእመቤት። ካርታውን አላየችውም፤ በጣቷ ውሃውን አሳየች፣ መረማመጃው እንጨት የነበረበትን። «ከዚህ ጀምሩ።»

ማሽኑ ክንዱን ዘርግቶ ገባ፤ የመጀመሪያውን ጥቁር ዝቃጭ ዝቆ አወጣ። ሽታው ዳር ቆሞ የነበረውን ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ገፋው። ሶስና አፍንጫዋን ልትይዝ እጇን አነሳች፤ የሺእመቤት ሳትሸፍን፣ ዓይኗን ሳትነቅል መቆሟን ስታይ መልሳ አወረደችው።